የሕፃኗ ደመወዝ በማን ስም ይቀመጥ?

በመርሐቤቴ የካርልሄንዝ ቦም ስም ከሲኒማ ጋር ተያይዞ አይነሳም። ዓለም ከተማ ላይ ስማቸው የሚጠራው ከእናት ሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤትና ከንጹሕ ውኃ ጋር ነው፤ እሳቸው የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዚያ ቆላና ደጋ ለዓመታት ሠርቷልና። ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ግን ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በየዓመቱ አንድ አንድ እየተባለ በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ወጣቱን የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ትርዒት ላይ ቀርበው፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራበው የሳህል ሕዝብ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲሉ ተወራረዱ። ውርርዱን አሸነፉ፤ ያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ይህ ለመርሐቤቴ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። እምብዛም የማይነሳው በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ከአጠገባቸው ቆማ እቴጌ ኤልሳቤጥን የተጫወተችው ልጅ ዕጣ ነው።

ሮሚ ሽናይደር ትባላለች። የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ 14 ዓመቷ ነበር፤ ወደ ካሜራው የመራቻት እናቷ ማግዳ ሽናይደርም የታወቀች ተዋናይት ነበረች። የመጀመሪያው «ሲሲ» ሲቀረጽ ገና 17 ዓመት እየሞላት ነበር፤ ቦም 27 ሞልቷቸዋል። ፊልሙ አንድ፣ ዝናው አንድ፣ ተመልካቹ አንድ ነው። ልዩነቱ ቦም ውላቸውን ራሳቸው ይፈርሙ ነበር፤ የሮሚን ሥራና ገንዘብ ግን የእንጀራ አባቷ ያስተዳድር ነበር። አራተኛ «ሲሲ» ይሠራ ሲባል አሻፈረኝ አለች፤ በጀርመን የተመልካቹ ፍቅር የቀዘቀዘባት ያን ጊዜ ነው። ፓሪስ ገብታ፣ ቋንቋ ተምራ፣ ከታች ጀምራ ትልቅ ተዋናይት ሆነች፤ ሴዛር የተባለው የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር የመጀመሪያዋ ምርጥ ሴት ተዋናይት እሷ ነበረች። ያረፈችው በ43 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። (የሚገርመው ቦምም ያረፉት በዚያው ቀን፣ በእኛ ግንቦት 21፣ በደብረ ምጥማቅ ዕለት ነው፤ እሳቸው ግን 32 ዓመት ዘግይተው፣ ዕድሜ ጠግበው።) የሮሚን ሐዘን ሁሉ በልጅነት ሥራዋ ላይ ማላከክ አይገባም፤ ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የ14 ዓመት ልጇን በአደጋ ማጣቷ ማንንም እናት የሚሰብር ነው። እኔ የምከራከረው ከዚህ ጠበብ ባለ ነገር ላይ ነው። የአንዲት ሕፃን ተዋናይት የኋላ ሕይወት የሚወሰነው በተሰጥኦዋ ወይም በዝናዋ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ውሏን ማን ፈረመ፣ ሰዓቷን ማን ቆጠረ፣ ገንዘቧስ በማን ስም ተቀመጠ የሚሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ይበልጣሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሦስቱንም የሚጠይቅ አካል የለም።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በራቤል የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፉከራ በስልክ ቢቀረጽ፣ ኔትወርክ ካለ በዚያው ማታ ዋሽንግተን ያለ የመንዝ ልጅ እጅ ይገባል። «ከዓይን ያውጣሽ» ይባላል፣ ይጋራል፣ ይሸለማል። ከዚያ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቴሌቪዥን መዝናኛ ጥሪ፣ የበዓል ዝግጅት፣ የማስታወቂያ ሥራ፣ ለዘፋኝ ክሊፕ አጃቢነት፣ በተከታታይ ድራማ ላይ የልጅ ገጸ ባሕርይ። የአገራችን ሲኒማም በዓለም አደባባይ ስሙ የተጠራው በልጆች ጫንቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ድፍረት» ያለ ታዳጊዋ ተዋናይት አይሆንም ነበር፤ በዓመቱ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ በረድኤት አማረ፣ በግ ይዞ በሚንከራተት ልጅ ላይ የቆመ ነው። እነዚህ ፊልሞች ልጆቹን በደሉ ማለቴ አይደለም። ልጆች የዚህ ኢንዱስትሪ ጌጥ ሳይሆኑ ምሰሶ ሆነዋል ማለቴ ነው፤ ምሰሶ የሆነ ሰው ደግሞ ሠራተኛ ነው።

በሕፃንነት ተዋናይት፣ በወጣትነት ዘፋኝ፣ በጎልማሳነት የቴሌቪዥን ኮከብ መሆን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ከጁዲ ጋርላንድ የበለጠ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ሚኒሶታ ተወለደች፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አባቷ በሚያስተዳድረው ቲያትር መድረክ ላይ ከእህቶቿ ጋር ዘፈነች፤ በ13 ዓመቷ ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ አስፈረማት። የስቱዲዮው ሰዎች ወፍረሻል እያሉ ምግቧን ይቆጣጠሩ ነበር። ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ነቅታ እንድትሠራ የሚያነቃ ክኒን፣ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ እንድትተኛ የሚያስተኛ ክኒን ይሰጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውና ስሟን ከመቃብር በላይ ያዋለው «የኦዝ ጠንቋይ» ሲሠራ ደመወዟ በሳምንት 500 ዶላር ነበር፤ አብረዋት የተጫወቱት ጎልማሶች ብዙ እጥፍ ይከፈላቸው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ለምታጅባት ትንሽ ውሻ ባለቤት እንኳ በሳምንት 125 ዶላር ይታሰብ እንደነበር ይነገራል። ለውሻዋ ተከራካሪ ነበራት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጁዲ ሕይወት የድልና የዕዳ ጉንጉን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1950 አሰናበታት። በዘፋኝነት ተነሳች፤ በ1961 በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበችው ዝግጅት የተቀዳበት አልበም የዓመቱን ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ወሰደ፤ ያን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1963 በስሟ የተሰየመ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ትርዒት ጀመረች፤ ከ26 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ወደ ቴሌቪዥን ከወሰዷት ምክንያቶች አንዱ ዕዳ ነበር፤ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ስትሠራ የኖረች ሴት በ40 ዓመቷ ግብር መክፈያ አጥታ ነበር። በ1969 ለንደን ውስጥ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስዳ ስትሞት 47 ዓመቷ ነው። አድናቂዎቿ «ያ ሁሉ መከራ ባይኖር ያ ድምፅ አይኖርም ነበር» ይላሉ። ይህ አባባል ያስቆጣኛል። ድምፁ ከክኒኑ በፊት ነበረ፤ ኩባንያው በ13 ዓመቷ ያስፈረማት ድምፁን ሰምቶ ነው። መከራው የተጨመረው በኋላ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ ለሌሎች ሰዎች ጥቅም ነው።

«ችግሩ የክፉ ስቱዲዮና የክፉ ወላጅ ነው፤ ልጁን የሚወድ ቤተሰብ ካለ ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። ለዚህ መልሱ ሸርሊ ቴምፕል ናት። ያቺ ፀጉረ ጥቅልል ሕፃን በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ እንጀራ ነበረች። ወላጆቿ ይወዷት ነበር፤ እሷም እስከ መጨረሻው ትወዳቸው ነበር። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ገንዘብ አያያዝ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በ22 ዓመቷ ሒሳቧን ስታይ፣ በልጅነቷ ካገኘችው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ የቀረላት 44 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ራሷ በ1988 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ጽፋዋለች። አባቷ ፍርድ ቤት በስሟ እንዲያስቀምጡ ያዘዛቸውን ገንዘብ አላስቀመጡም፤ ቤት፣ ዘመድ፣ ሠራተኛ፣ የኑሮ ደረጃ በላው። እሷ ግን ይቅር ብላ፣ ቂም ሳትይዝ፣ በቴሌቪዥን የልጆች ተረት አቅራቢ፣ በኋላም በጋና እና በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ሆና ሠርታ በ85 ዓመቷ አረፈች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ ዋጋ የለውም። ፍቅር የሒሳብ መዝገብ አይተካም፤ ከሸርሊ ሕይወት የሚወጣው ማስረጃ ይኸው ነው።

ሕግ የመጣው ደግሞ ከሌላ ልጅ እንባ ነው። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተሰኘው ፊልም የተጫወተ ሕፃን ነበር። ለአካለ መጠን ሲደርስ ሚሊዮኖቹን ጠየቀ፤ እናቱና የእንጀራ አባቱ ገንዘቡ የእኛ ነው አሉ። የሚያሳዝነው በጊዜው በነበረው ሕግ ልክ ነበሩ፤ የልጅ ገቢ የወላጅ ነበርና። በ1938 ከሶ ያገኘው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ በዓመቱ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ብዙ ቀዳዳ ስለነበረው በ2000 ተሻሽሎ፣ ዛሬ አሠሪው ከሕፃኑ ክፍያ 15 በመቶውን በቀጥታ በሕፃኑ ስም በተዘጋ ሒሳብ ያስገባል። ከዚህ የምወስደው ዋናው ነገር የመቶኛው ልክ አይደለም። ገንዘቡን የሚያስገባው አሠሪው መሆኑ ነው፤ በወላጅ እጅ ካለፈ በኋላ አስመልስ ማለት ከአባት ጋር መካሰስ ስለሆነ።

ወደ እኛ መድረክ ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ቲያትራችን ሲጀምር ሴት ተዋናይ አልነበረውም፤ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ በኋላ አባባ ተስፋዬ ተብለው ትውልድ ያሳደጉት ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ስትወጣ ስድቡም ውርጅብኙም ቀላል አልነበረም፤ ክራሯን ይዛ፣ ተዋናይትም ዘፋኝም ሆና በ2004 መስከረም እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ የስንቱን መንገድ ጠረገች። ጥላሁን ገሠሠ ገና ታዳጊ ሳለ ከወሊሶ ተነሥቶ ሀገር ፍቅር ደጃፍ ደረሰ። አስቴር አወቀም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሀገር ፍቅር ገባች። እነዚህ ሰዎች ወደ መድረክ የሄዱት በገዛ እግራቸው፣ ብዙ ጊዜም ቤተሰብ ሳይወድላቸው ነው። ያኔ ቤተሰብ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» እያለ ይከለክል ነበር፤ ዛሬ ስልኩን የሚይዘውና «በይ ድገሚው» የሚለው ራሱ ቤተሰብ ነው። ንቀቱ መቅረቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ንቀት ሳይታሰብ የሠራው አንድ ሥራ ነበር፤ ሕፃናትን ከገበያው ያርቅ ነበር። አሁን ግርዶሹ ተነስቷል፤ በቦታው የተተካ ነገር ግን የለም። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመት ያህል ያቀረቡትን የልጆች ክፍለ ጊዜ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ልጆች መጥተው ተረት ሰምተው፣ ዘፍነው፣ ቤታቸው ይገቡ ነበር። የልጅን ተሰጥኦ ማሳየትና መሸጥ የተለያዩ መሆናቸውን ያ ፕሮግራም በተግባር አሳይቶን ነበር።

ሕጋችን ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ሰው መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የዘጠኝ ዓመቷ ተዋናይት በዚህ ሕግ ዓይን ምንድን ናት? መቅጠሯ ክልክል ስለሆነ ተቀጣሪ ልትባል አትችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ እንዳልሆነች ያስመስላል። ክፍያዋ «ማበረታቻ»፣ «የትራንስፖርት»፣ «ለደብተር መግዣ» ይባላል። ውል የለም፤ ካለም የወላጅ ፊርማ ብቻ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቀረጻው ለዛሬ ብቻ በተከራዩት ቤት ከሆነ፣ መብራትም ጠፍቶ ከመጣ፣ የምታለቅስበትን ትዕይንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስትደግመው ትገኛለች፤ ለአዋቂው ተጨማሪ ሰዓት ይታሰብለታል፣ ለእሷ ለስላሳ ይገዛላታል። ሙሉ በሙሉ የከለከለው ሕግ ሙሉ በሙሉ ያለ ጥበቃ ትቷታል። መውጫው ደግሞ ከተፈረመ ቆይቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 አንቀጽ 8፣ ለኪነ ጥበብ ሥራ ሲባል በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ በተናጠል ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ፈቃዱም የሥራ ሰዓቱንና ሁኔታውን መወሰን እንዳለበት ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁና ትምህርታቸውን ወይም ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ደንግጓል። የጎደለው የአዋጁን ክልከላና የስምምነቱን ፈቃድ የሚያገናኝ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «በመንዝና በግሼ ደጋ ልጅ በአምስት በስድስት ዓመቱ በግ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ኩበት ይለቅማል፤ ብርድ ላይ ከመዋል ካሜራ ፊት መዝፈን አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው አለ፤ ንግግሩም ቀልድ አይደለም። በጓሳ አቅራቢያ በነሐሴ ጉምና ቁር በግ የሚጠብቅ ልጅ ኑሮ የሚቀናበት አይደለም፤ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀረው ከሆነም ሊቆም ይገባዋል። ሆኖም ሁለቱን ሥራዎች ጠጋ ብለን እንመርምራቸው። የእረኝነት ሥራ ፀሐይ ስትገባ ያበቃል። በጎቹ የቤቱ ናቸው፤ ልጁም የቤቱ ስለሆነ ድካሙ ተመልሶ ለእሱ ምግብና ልብስ ይሆናል። ለሰው ቤት የሚቀጠር እረኛ እንኳ ዓመቱ ሲሞላ ምን እንደሚያገኝ፣ እህል ይሁን ልብስ ወይም ጠቦት፣ አስቀድሞ ተነጋግሮ ይገባል። ከሁሉ በላይ፣ እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው በ20 ዓመቱ እረኝነቱን ትቶ ሊሄድ ይችላል። በዘጠኝ ዓመቷ ያለቀሰችበት ቪዲዮ ግን ልጅቷን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይከተላታል፤ ሮሚን «ሲሲ» እንደተከተላት።

ሌላም የአገራችን ጠባይ የሚያመጣው ጉዳይ አለ። «ልጅቷ እኮ ራሷ ትወዳለች፣ ማንም አላስገደዳትም» ይባላል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ የመንዝን ገበሬ ኑሮ ሲያጠኑ፣ ልጅ በትልቅ ፊት ዝም ማለትንና መታዘዝን ከሁሉ በፊት እንደሚማር አሳይተዋል። ጊዜው ቢለወጥም ይህ አስተዳደግ በሸዋ ደጋ ዛሬም የጨዋ ልጅ ምልክት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን አዘጋጁ «የኔ ቆንጆ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልን» ሲል፣ አባቷ ከጎኑ ቆሞ ሲያይ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ደከመኝ ትላለች ብሎ መጠበቅ አስተዳደጋችንን አለማወቅ ነው። የእሷ ዝምታ ፈቃድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። እንዲያውም ታዛዥነትን የምናከብር ሕዝብ ስለሆንን፣ በልጁ ፈንታ «ይበቃል» የሚል ሦስተኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

ድህነትስ? አንዲት ልጅ በአንድ ማስታወቂያ የምታገኘው ብር ቤተሰቧ ከገብሱ ከሚያገኘው የሚበልጥ ከሆነ፣ ገንዘቡን ባንክ ቆልፎ ወንድሞቿ ሲራቡ ማየት ጭካኔ ነው የሚል ክርክር ትክክለኛ ክብደት አለው። እኔም ሁሉም ይቆለፍ አልልም። የካሊፎርኒያው ሕግ የሚቆልፈው 15 በመቶ ነው፤ የእኛ ሩብ ይሁን ሲሶ ሊያከራክር ይችላል። የቀረው ለቤቱ ይዋል፤ ልጅቷም ከቤቱ አንዷ ናትና። ነገር ግን ቤቱ በእሷ ድምፅ እንደሚኖር በግልጽ ይታወቅ፣ ይመዘገብ። ሳይመዘገብ ሲቀር የሚመጣው ጉዳት ከገንዘብም ያልፋል፤ ሕፃኗ የቤቱ አስተዳዳሪ ሆና ሳለ እንደ ሕፃን ትታዘዛለች፣ ማቆም ብትፈልግ ደግሞ ቤተሰቧን ያስራበች ትሆናለች። የቤተሰብ ሕጋችን ወላጅ የልጁን ንብረት ለልጁ ጥቅም እንዲያስተዳድር ያዛል፤ ምን ያህል ንብረት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ግን ትእዛዙ ባዶ ነው።

ተሰጥኦ እንዳይቀጭጭ በልጅነት መጀመር አለበት የሚሉትን ደግሞ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በደጋው ሸዋ ዜማ የሚማር ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በልጅነቱ ነው፤ በዕንቁጣጣሽ ሴት ልጆች አበባ ይዘው በየደጃፉ ሲዘፍኑ ስንቱ ድምፅ እንደተገኘ ይታወቃል። ይሁንና የዜማ ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ለመማር ነው፤ መምህሩ ሲያስተካክለው፣ ሲያስደግመው፣ ተማሪው ቀስ በቀስ ባለሙያ ይሆናል። ካሜራው ግን አያስተምርም፤ ያለውን ይወስዳል። አንድ ጊዜ የተወደደችበትን ነገር ደጋግማ እንድታደርገው ነው የሚፈልገው። በሰባት ዓመቷ ትልቅ ሰው መስላ በመናገሯ የተወደደች ልጅ በ14 ዓመቷ እንደዚያው ብትናገር ማንም አይስቅላትም፤ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ድምፅ ካልሠለጠነች፣ ትወና ካልተማረች፣ ትምህርቷም ከተቋረጠ በእጇ የሚቀር ነገር የለም። በልጅነት መጀመር ይጠቅማል የሚል ሰው የሥልጠና ሰዓት በውሉ ውስጥ እንዲገባ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

ወላጅ ራሱ አዘጋጅ የሆነበት የዩቲዩብና የቲክቶክ ጉዳይ ይበልጥ ያስቸግራል፤ እዚያ አሠሪ የሚባል ሰው የለም። ቢሆንም መላ አልጠፋም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ባወጣችው ሕግ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያገኙት ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በመንግሥት የገንዘብ ተቋም ውስጥ በስማቸው እንዲቀመጥ አድርጋለች፤ ልጁ ሲጠይቅ ቪዲዮው ከመድረኩ እንዲነሳለትም መብት ሰጥታለች። ገንዘብ ባይኖር እንኳ ይህ ሁለተኛው መብት ለእኛ ልጆች ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ገና በሁለት እግሩ ያልቆመውን ፊልማችንን ያንቀዋል የሚሉ አዘጋጆች እንዳሉ ይገባኛል፤ ለአንድ ቀን ቀረጻ ስንት ቢሮ እንደሚያንከራትት እነሱ ያውቁታል። ስለዚህ ፈቃዱ አዲስ አበባ ሚኒስቴር ድረስ የሚያስኬድ መሆን የለበትም። ልጅቷ በምትኖርበት ወረዳ፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በአንድ ገጽ ቅጽ ሊያልቅ ይችላል። ቅጹ ላይ የሥራው ቀናት፣ የመጨረሻው ሰዓት፣ የክፍያው መጠንና በልጅቷ ስም የተከፈተው የባንክ ሒሳብ ይሞላ፤ ባንኮቻችን የልጆች የቁጠባ ሒሳብ መክፈት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እስከ 18 ዓመት ወጪ እንዳይደረግበት ማሰር አዲስ ጥበብ አይጠይቅም። የቴሌቪዥን ጣቢያው ወይም የማስታወቂያ ድርጅቱ ያን ቅጽ ካላየ ሥራውን አያስተላልፍ። ፈቃዱም በየመንፈቀ ዓመቱ ይታደስ፤ ለማደሻውም የልጅቷ ክፍል ኃላፊ መምህር የፈረመበት የመገኘት መዝገብ ይቅረብ፤ መዝገቡ ከጎደለ ቀረጻው እስከሚቀጥለው መንፈቅ ይቆያል።